ጋሽ ግርማ ያልገቡባት ክፍል

ባለፈው ሐሙስ የልጄን የብሌንን ጉርድ ቀሚስ ለማስጠበብ ሐኪም ጋራ ከሚባለው ሰፈራችን ወደ ሐረር ገበያ፣ ወደ ፈረስ መጋላ ወረድኩ። ልጄ ከስታብኝ በሦስት ወር ውስጥ ሲጠብ ሁለተኛ ጊዜው ነው። ብሌን ከኮሌጅ ተመርቃ ዘንድሮ ጀጎል ግንብ ውስጥ ባለ ትምህርት ቤት የተመደበች ጀማሪ መምህርት ናት። ጠዋት ቁርሷን ሳትነካ ትወጣለች። ዓይኗ ቀልቶ ስትመለስ ምን ሆንሽ ብላት "ጠመኔ ገብቶብኝ ነው" ትለኛለች።

የዚያን ዕለት ግን ፍርሃቴ ባሰ። እኔ ገላነሽ በጎልማሶች ትምህርት ፊደል ከቆጠርኩ ሁለት ዓመቴ ነው፤ ያገኘሁትን ወረቀት ሁሉ ሳላነብ አላልፍም። ብሌን ረስታው ከሄደችው ፋይል ውስጥ ሁለት ነገር አነበብኩ። አንደኛው የሥራ መልቀቂያ ደብዳቤ ነው፤ ቀኑ የማግስቱ ዓርብ። ሁለተኛው "የሙያ ትውውቅ" የሚል ቅጽ ሲሆን፣ አማካሪ መምህሯ ጋሽ ግርማ ክፍሏ ገብተው ስድስት ጊዜ እንዳዩአት ተፈርሞበታል። ልጄ ግን ክፍሌ ማንም ገብቶ አያውቅም ነው የምትለው። ሁለቱንም በፌስታል ይዤ ወጣሁ።

መኪና ግርግር፣ የልብስ ሰፊዎቹ መንገድ ስደርስ፣ ያን ቅጽ የፈረሙት ጋሽ ግርማ ራሳቸው ከልብስ ሰፊው ከዐብዱልመሊክ ደጃፍ ተቀምጠው የኮታቸው ገበር እስኪቀየር ይጠብቃሉ። ሠላሳ ዓመት ያስተማሩ የተከበሩ ሰው ናቸው።

"ጤና ይስጥልኝ ጋሽ ግርማ።"

"እግዜር ይመስገን ወይዘሮ ገላነሽ። ብሌን እንዴት ናት?"

"እርስዎ ይነግሩኛል ብዬ ነበር።"

"ጎበዝ ናት። ድምፅዋ ብቻ ያንሳል። ይለመዳል።"

"ሰባ ሁለት ልጅ ሰጥታችኋታል። ነባሩ መምህር ሁሉ የሸሸው ክፍል ነው አሉ።"

"አዲስ መምህር ሁልጊዜ የሚረከበው እሱን ነው፤ እኔም ተረክቤአለሁ። ወይፈን ሳይጠመድ አይገራም።"

"ከማን ጋር ነው የሚጠመደው?"

"እ?"

"ወይፈኑ። እኔ የገበሬ ልጅ ነኝ። አባቴ ወይፈን የሚያጠምደው ከለመደ በሬ ጋር ነበር። ወይፈኑ ሲደነግጥ በሬው ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ ወይፈኑም ትልሙን ከሱ ያያል። ለብቻው የተተወ ወይፈን ሞፈር ይሰብራል እንጂ አይገራም።"

ዐብዱልመሊክ የስፌት መኪናውን አቁሞ ሳቀ። "ወላሂ ጋሽ ግርማ፣ በሬው እርስዎ ነዎት።"

"አንተ ገበርህን ስፋ" አሉት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "የባልደረባ ክፍል ገብቶ መቀመጥ እኛ ዘንድ ነውር ነው፤ ስለላ ይመስላል። ተማሪውም 'አልቻለችም፣ ጠባቂ መጣላት' ይላል። እሷን ላለማሳፈር ብዬ ነው።"

የሚዋሹ አልመሰለኝም። ክፋት ቢሆን ይቀለኝ ነበር፤ ያስፈራኝ ደግነት መስሏቸው መተዋቸው ነው።

"እኔ በሃምሳ ዓመቴ ጠመኔ ስይዝ እጄ ተንቀጥቅጧል" አልኳቸው። "አስተማሪዬ ዋፊቃ መጥታ ከጎኔ ቆመች። አላፈርኩም። ያፈርኩት እሷ የቀረች ቀን ነው።"

"እኔን ማንም አልረዳኝም። ሶፊ ገጠር ስመደብ እንኳን አማካሪ፣ በር ያለው ክፍልም አልነበረኝም።"

"ብቻዎን ነበሩ?"

"አራት ነበርን።"

"ሦስቱ የት አሉ?"

"በዓመቱ ትተው ሄዱ" አሉ። "አንዱማ ከእኔ የተሻለ መምህር ነበር።"

ፌስታሉን ፈትቼ ቅጹን አወጣሁ። "ጋሽ ግርማ፣ አራተኛው ጉብኝት የተጻፈው በሸዋል ዒድ በዓል ዕለት ነው። ያን ቀን ሐረር ውስጥ የተከፈተ ክፍል ነበር?"

ፊታቸው ጠቆረ። ቂም ይዘው ልጄን ይጎዱብኛል ብዬ ፈራሁ።

"ማንበብ ይችላሉ?"

"ቀስ እያልኩ።"

ደብዳቤውንም ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ሁለት ጊዜ አነበቡት፤ ደብዳቤውን መልሰውልኝ ቅጹን ግን ያዙት።

"ዐብዱልመሊክ" አሉ፣ "ኮቱን ዛሬ ጨርስልኝ። ነገ ጠዋት ክፍል እገባለሁ።"

ቤት ስገባ ደብዳቤውን ወደ ፋይሏ መለስኩት፤ የእሷ ነውና። ዓርብ ቀኑን ሙሉ በር በሩን ሳይ ዋልኩ።

ብሌን ስትመጣ የሚበላ አለ ወይ አለችኝ። እየበላች ነገረችኝ። "ጋሽ ግርማ መጨረሻው ዴስክ ላይ ተቀመጡ። ተማሪዎቹን 'እኔም ልማር ነው የመጣሁት' አሏቸው። ሲያልቅ፣ ከሰሌዳው ሥር አትቁሚ፣ መሀል ግቢ፣ የኋላዎቹን ስም አስቀድመሽ ያዢ አሉኝ። ሰኞ ደግሞ እኔ የሳቸው ክፍል ገብቼ አያለሁ።"

ከዚህ ያየሁትን ለሌሎች እናቶችም እናገራለሁ። ጀማሪ መምህር ከጎኑ ሰው ካገኘ፣ ስህተቱን ቤቱ ወስዶ አያለቅስበትም፤ እዚያው ያርመዋል። ሰባ ሁለት ልጅ በዓመቱ መካከል ያለ አስተማሪ አይቀርም። ነባሩም ሠላሳ ዓመት ያካበተውን ይዞ ጡረታ አይወጣም። በር ዘግቶ የሚከበር ሙያ የለም።

ብሌን ቅጹን አምጥታ "አንብቢው እማዬ" አለችኝ። ስድስቱ መስመሮች ተሰርዘዋል። ከሥራቸው እንዲህ ይላል፦ "ከላይ የተጻፈው እውነት አይደለም። የመጀመሪያው ጉብኝት ዛሬ ነው። ግርማ።"

"ደብዳቤውስ?" አልኳት፤ ማንበቤን አልደበቅኳትም።

"ቦርሳዬ ውስጥ ነው። ሰኞን ልየው።"

ያን ጊዜ ነው ጉርድ ቀሚሱን ሳላስጠብብ እንደ መጣሁ ትዝ ያለኝ። ይቆይ አልኩ።