ከስመኝ ጎን ያለው ቦታ

— ሄሎ። … ሶሊ? አንቺ ነሽ? … ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። … ልጆቹስ? … ሥራ አልገባሽም እንዴ በዚህ ሰዓት?

ጋሽ ተክለ ማርያም ስልኩን ከቀኝ ጆሯቸው ወደ ግራው አዛወሩ። ግራው ይሻላል። ፍጹም ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ተቀምጦ የመኪናውን ቁልፍ በጣቱ እያሽከረከረ ይጠብቃቸዋል። የቤተ ክርስቲያናቸው ዲያቆን ነው። ወደ መቃብር ቦታው ኦፊስ ሊወስዳቸው ነበር የመጣው።

— ምን ወረቀት? … በኢሜይል? ላንቺ ለምን ይልካሉ? … እ። … አዎ፣ የኦፊሱ ሴት ኢሜይል ስትለኝ ያንቺን ነው የሰጠኋት። እኔ የት አለኝ።

ወደ ፍጹም ዞር አሉ።

— ለልጄ ልከውላታል። ቀኝህ የምታደርገውን ግራህ አትወቅ ይላል ቃሉ። ኢሜይል የሚባል ሦስተኛ እጅ እንዳለ ማን ነገረኝ።

ፍጹም ሊስቅ ፈልጎ ፊታቸውን አየና ተወው።

— አይ፣ ላንቺ አይደለም፤ ወንድም ፍጹም እዚህ አለ። … በአማርኛ በይው ሶሊ። ስትቆጪ እንግሊዝኛ ትጀምሪያለሽ። … አልደበቅኩሽም። … እሺ፣ ደብቄሻለሁ። ወሬ እንዳይሆን ነው። ከፓስተሩና ከፍጹም በቀር ሰው አያውቅም። … አዎ፣ ልክ ነው ያነበብሽው። ከእናትሽ መቃብር ጎን ያለውን ቦታ ሰጥቼዋለሁ። … የኔን፣ አዎ። … ለሐሴት።

ልጃቸው ሶልያና የምትኖረው ካልጋሪ ነው፣ በአውሮፕላን የአራት ሰዓት መንገድ።

— ሄሎ? ትሰሚኛለሽ? … ሐሴት ነው ያልኩሽ፤ የእናትሽን ገላ ታጥብ የነበረችው፣ ቤት ለቤት አስታማሚዋ፣ ከሆም ኬር የምትመጣው። … ሞተች ልጄ። አሥራ ሁለት ቀኗ። … የሌሊት ሥራ ጨርሳ ጠዋት ፌርማታ ላይ አውቶቡስ ስትጠብቅ ወደቀች። ልቧ ነው አሉ። … ሠላሳ አንድ ዓመቷ።

— ማን አላት? እናቷ አምና ሞተች። አገር ቤት አንዲት አክስት አለች፤ እሷም «እዚያው ቅበሩልኝ» ብላ በስልክ አለቀሰች። … ከተማው በራሱ ወጪ ይቀብራታል፣ እሱስ ይቀብራታል። የት እንደሆነ ግን የሚመርጡት እነሱ ናቸው። ማን ሄዶ ያያታል? … ቀብሩ ቅዳሜ አምስት ሰዓት ላይ ነው። እስከዚያ ሆስፒታል ማቀዝቀዣ ውስጥ ናት። … ቆይ፣ ባቡሩ ይለፍ።

የኤርፖርቱ ባቡር ቤታቸው አጠገብ ያለው ዌስተን ጣቢያ ሲደርስ የጋሽ ተክለ ማርያም መስኮት ይንቀጠቀጣል። ሶልያና ታውቀዋለች፤ እዚሁ ነው ያደገችው። እስኪያልፍ ጠበቀች።

— እሺ፣ አለፈ። በይ። … አይ። ሌላ ቦታ እንግዛላት ማለትሽ ደግ ነው፣ ጌታ ይባርክሽ። … አይ ሶሊ። … ከተረፈኝ ስሰጥ ስለኖርኩ ነዋ። … ቆይ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ። ለማንም ነግሬ አላውቅም።

ስልኩን ከአፋቸው ራቅ አደረጉ።

— ፍጹም፣ ሻይህን ጠጣ፣ ይቀዘቅዛል። ቁልፉንም አሳርፈው፣ በእግዚአብሔር።

ፍጹም ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አኖረው።

— ሐሴት መጀመሪያ የመጣች ጊዜ ጥር ነበር። ስስ ሹራብ ለብሳ። እናትሽ ከአልጋዋ ሆና «ካፖርት ስጣት» አለችኝ። ቁም ሳጥኑ ውስጥ ሁለት ነበሩ። አንዱ አንቺ የላክሽልኝ፣ አዲሱ። አንዱ ዚፑ የተበላሸ። … አዎ። የተበላሸውን። … ተነሥታ በሁለት እጇ ነው የተቀበለችኝ። «እግዜር ይስጥልኝ አባቴ» አለችኝ። በማግስቱ በመርፌ ቁልፍ አያይዛው መጣች። ሰባት መርፌ ቁልፍ። ያንን የብርድ ወቅት ሙሉ፣ ጠዋት ጠዋት በሩ ጋ ቆማ አንድ በአንድ ትፈታቸዋለች። ከዚያ እጇን ሂተሩ ላይ ታሞቃለች፤ እናትሽ ቀዝቃዛ እጅ እንዳይነካት። እኔ ወንበሬ ላይ ሆኜ ሰባቱን እቆጥራለሁ። አዲሱ እዚያ ተሰቅሏል። … እንጃ ልጄ። ነገ እሰጣታለሁ፣ ነገ እሰጣታለሁ እያልኩ። … ሰዓቷ አልቆ እንኳ ትቀመጥ ነበር። መዝሙር ታነብላታለች። ያን የሚከፍላት የለም።

— ሄሎ? … አለሽ? … ሆስፒታሉ ዕቃዋን በላስቲክ ሰጠን። ካፖርቱ ውስጡ ነበር። … እሱው ነዋ። እስከ መጨረሻው እሱን ነው የለበሰችው። ቆጠርኩ። ስድስት ነው። አንዱ ጠፍቷል።

ጋሽ ተክለ ማርያም ዓይናቸውን ወለሉ ላይ ተከሉ። ፍጹም ሻዩን አልነካውም።

— አውቃለሁ ለእናትሽ ቃል እንደ ገባሁላት። ስታስገባኝ አጠገቧ ነበርኩ እኮ። «በዚህ አገር ብርድ ብቻዬን እንዳታስተኛኝ» ነው ያለችኝ። … ብቻዋን አትተኛም። የሚያውቃት ሰው ነው የሚመጣላት። … ከኔ በላይ ታውቃታለች። የት የት እንደሚያማት የምታውቀው እሷ ነበረች። … እንዲያ አላልኩም። አልመጣሽም መቼ አልኩሽ? … ሶሊ፣ ስሚኝ። ጨቅላ ልጆች ነበሩሽ። እናትሽ ድምፅሽን በስልክ ሰምታ ነበር እንቅልፍ የሚወስዳት። አልወቀሰችሽም። እኔም አልወቅስሽ። … አታልቅሺ እንግዲህ። ሥራ ቦታ ሰው ያይሻል።

አፍንጫዋን ስትጠርግ ሰሙ።

— የመቃብሩ ድንጋይማ ይፈቃል። … አዎ፣ ስሜ ከእናትሽ ስም ጎን ተቀርጿል፤ የተወለድኩበት ዓመትና አንድ ሰረዝ። በብርድ አይሠራም፣ እስከ ግንቦት ይቆያል ብለውናል። … ይቆይ። እስከ ግንቦት በኔ ስም ብትተኛ ምን ትሆናለች? ካፖርቴን ለብሳ ከርማ የለ።

— የአርማትያሱን ዮሴፍ ከኔ ጋር አታስተካክይ። እሱ ለጌታ የሰጠው መቃብር በሦስተኛው ቀን ተመልሶለታል። … እኔማ የትም ልቀበር። … የትም ነው ያልኩሽ። መለከት ሲነፋ አድራሻ የሚጠይቅ የለም።

ፍጹም ሰዓቱን አየና በእጁ ምልክት ሰጣቸው። ጋሽ ተክለ ማርያም ራሳቸውን ነቀነቁ።

— እንግዲህ ሶሊ፣ ያንቺም ፊርማ ያስፈልጋል። ወረቀቱ በሁለታችን ስም ነው። ኦፊሱ ዛሬ በአሥር ሰዓት ይዘጋል፤ በኛ አቆጣጠር አሥር። ካልፈረምሽ ይቀራል። … አላስገድድሽም። እምቢ ካልሽ እምቢ ነው። አልቀየምሽም።

ይህን ሲሉ ድምፃቸው ከወትሮው ለስልሶ ነበር። ትናንት የኦፊሱ ሴት ሁለት ፊርማ ነው የሚያስፈልገው ስትላቸው፣ ውስጣቸው አንድ ነገር ደስ ብሎት ነበር። አፈሩበት፤ ጸለዩበት፤ አልለቃቸውም። ሶልያና እልኸኛ ናት። እምቢ ትላለች። እሳቸው ሰጥተዋል፣ እግዚአብሔርም አይቷል፤ ቦታው ግን እዚያው ከሚስታቸው ከስመኝ ጎን ይቀራል። ስልኩን ጆሯቸው ላይ አጥብቀው ያዙ። ትበል፤ እምቢ ትበል።

— አለሁ። … አስቢበት፣ አዎ። አትቸኩዪ። … እንዴት? … ፈረምሽ? … አሁን? እያወራን? … በጣትሽ? … ይኸው ነው? በቃ?

ፍጹም ቀና አለ።

— እሺ። … እሺ ልጄ። … አይ፣ ጥሩ አድርገሻል። … እኔም ይህንኑ ነው የፈለግሁት። … ዓርብ ማታ? … ነይ። ልጆቹንም ይዘሻቸው ነይ። ፍጹም ይቀበላችኋል። … አልጋው አለ፤ የእናትሽ አልጋ አለ።

ቀጥለው ሊናገሩ አፋቸውን ከፈቱ። እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ ዘረጉ፤ ነገር እንደሚፈልግ ሰው ዳበሱት፤ የፍጹምን የመኪና ቁልፍ አገኙና ያዙት።

— አለሁ። … አይ። … አላለቀስኩም። ባቡሩ ነው። … አዎ፣ ባቡሩ። … ቆይ፣ ይለፍ።

ፍጹም በመስኮቱ ወደ ሐዲዱ ተመለከተ። ወዲህም ወዲያም ባዶ ነበር። መስታወቱ አልተንቀጠቀጠም። ጋሽ ተክለ ማርያም ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ቆሙ። ሶልያናም ካልጋሪ ሆና ስልኩን አልዘጋችም። የሌለው ባቡር እስኪያልፍ ድረስ ጠበቀቻቸው።

ረዥም ባቡር ነበር።

— እሺ። … አለፈ። … በይ ደህና ዋይ፣ ልጄ።