ስምንቱም ብረት ከታች

ሄሎ... ሄሎ? — ማነህ? — ቁልፌ? አንተ ነህ? ድምፅህ ምነው ከበርሜል ውስጥ እንደሚወጣ ሆነ? — ቆይ፣ የስፌት መኪናው እየሮጠ ነው፣ ላጥፋው...

እትዬ፣ አንድ ደቂቃ ይታገሡኝ። እንዳይቀመጡ ብቻ፣ ቀሚስዎ ዙሪያውን መርፌ ነው። ታናሽ ወንድሜ ነው። ከእጮኛው አባት ጋር በረሃ ወርዶ ቋጥኝ እወጣለሁ ብሎ...

እሺ፣ አሁን ሰማሁህ። ደረሳችሁ? — ጀመራችሁ? — እንዴት "መሃል ላይ ነኝ"? የምን መሃል? ... የቋጥኙ?

ቆይ እስቲ። ገደል ላይ ተንጠልጥለህ ነው የምትደውልልኝ? — አልተንጠለጠልክም። ቆመሃል። ምን ላይ? ... የጫማ ሶል የምታክል ጠርዝ ላይ። ታዲያ ይሄ ከመንጠልጠል በምን ይሻላል?

— ከታች ኔትወርክ የለም? እዚያ ስትደርስ ነው የመጣልህ? እና እኔን ያስታወስከኝ ኔትወርክ ስለመጣ ነው? — እ? — በል ተናገር እንጂ፣ እኔ ነኝ እኮ።

...

ፈርተሃል።

ቁልፌ፣ ሃያ ስምንት ዓመትህ ነው፣ ይሄን ቃል ካፍህ ሰምቼው አላውቅም። ያኔ የኮት ቁልፍ ውጠህ፣ አዝዬህ ሐኪም ቤት ስሮጥ እንኳ "አልፈራሁም" እያልክ ነበር። — አይ፣ እየሳቅኩ አይደለም። ትንሽ ነው የሳቅኩት።

በል ከሥሩ ንገረኝ። ቁመቱ ስንት ነው? — ሃያ ሜትር። አንተስ? — አሥራ ሁለቱ ላይ። አጭር ነው እኮ። — እሺ እሺ፣ አጭር የሚሆነው ከታች ሲያዩት ነው፣ ይቅርታ።

— አይ እትዬ፣ ገመድ ታስሯል፣ የልጅቷ አባት ከታች ይዞለታል። ችግሩ እዚያ ድንጋይ ላይ አስቀድሞ የተተከለ ነገር የለም። የሚወጣው ሰው ራሱ ብረቱን ስንጥቁ ውስጥ እየሸጎጠ፣ ገመዱን እያሳለፈበት ነው የሚሄደው። ቢወድቅ የመጨረሻዋ ብረት ትይዘዋለች። — እኔም እብደት ነው ብያለሁ። ማን ሰምቶኝ።

ሄሎ፣ ትሰማኛለህ? ታዲያ አንድ ብረት ሸጉጥና ቀጥል። — አለቀ? እንዴት ያልቃል? ስንት ነበር? — ስምንት። — ስምንቱንም? ... የመጀመሪያው ሦስት ሜትር ላይ ብቻ አራት?

ወይ አንተ ልጅ።

ይሄ የቤታችን በሽታ ነው። እማዬ ስፌት ስታስተምረን "መጀመሪያውን አጥብቁ" ስትል ትዝ ይልሃል? አንተ መጀመሪያውን ስትወቅጠው ስትወቅጠው፣ ጫፍ ላይ ክር ያልቅብሃል። የዚያ ትራፊክ ፖሊስ ሱሪ መስቀለኛ መንገድ ላይ የተተረተረው እንዲሁ አይደል? — አዎ፣ ሁለት እጁን ዘርግቶ እያለ። — ይኸው ሳቅክ። ሳቅ፣ ግን ቀስ ብለህ።

ሰውዬው አልነገረህም ታዲያ? — "ቆጥብ" ብሎሃል። አንተስ ምን አልክ? ... "አውቃለሁ፣ አሥር ጊዜ ወጥቻለሁ።" — ስንት ጊዜ ነው የወጣኸው? — አዳራሽ ውስጥ። ፍራሽ የተነጠፈበት። ብረቱ ግድግዳው ላይ ተተክሎ የሚጠብቅህ። እኮ፣ ድንጋይ ስንት ጊዜ ወጥተሃል? ... ዛሬ።

ለምን ዋሸህ ቁልፌ? — ድንጋይ ለማይወጣ ሰው ልጁን አይሰጥም? ማን አለህ? ልጅቷ ናት? — እሷ አይደለችም። እሱ ነው? — እሱም አላለም። ታዲያ ማን? ... አንተው ገመትከው።

አሁን ምን ልበልህ። ጥፋቱ ግን ያንተ ብቻ አይደለም። ያ ሪዙን እንደ ጫማ ብሩሽ ያቆመ አስተማሪ አማትህ፣ ጡረታ ወጥቶ እንኳ ሰው መፈተን አልተወም። ፊቱን አንድ ቀን ፈታ ቢያደርገው ምን አለ? መጀመሪያ ቀን ቤታችን ሲመጣ ወንበሩን ራሱ ሊያርመው ነበር እኮ የመሰለኝ... ምን "ሽሽ" ትለኛለህ? — ለምን ዝም ልበል?

— ስልኩ የት ነው ያለው? — ደረት ኪስህ ውስጥ። በሁለት እጅህ ድንጋዩን ስለያዝክ። እሺ... እና እንዴት ነው የምትሰማኝ? ... በድምፅ ማጉያ።

ከመጀመሪያው ጀምሮ? ... በረሃው ጸጥ ያለ ነው? ... በጣም ጸጥ ያለ ነው።

እትዬ፣ ሰውዬው ሁሉንም ሰምተዋል። — አዎ፣ ሪዙንም። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ማለት እንዲህ ነው።

መምህር? ጤና ይስጥልኝ። ታላቅ እህቱ ነኝ... መቼም አውቀውኛል። ያ ቅድም ያልኩት... — ቁልፌ፣ የሳቸው ድምፅ አይደርሰኝም፣ አንተ ድገምልኝ። ምን አሉ? ... "የሪዙ ልክ ነው፣ የወንበሩ ግን ተጋኗል።" እሺ መምህር፣ ወንበሩን አንስቻለሁ።

ሌላስ? — ሌላ ምንም አላሉም? ስላንተስ? ... ገመዱን ይዘው ወደ ላይ ያዩሃል።

ቁልፌ፣ ስማኝ። እኔ አልናገርልህም። ስልኩን ሰምተዋል እንጂ አንተን አልሰሙም። ወደ ታች እያቸውና መዋሸትህንም መፍራትህንም ራስህ ንገራቸው። — አይሆንም፣ አሁን። ወርደህ ፊትህን ከታጠብክ በኋላማ ማን አይናገርም። — አለሁ፣ የትም አልሄድም።

...

...

ሰማሁ። ሁሉንም ሰማሁ። አንዱንም አላስቀረህ።

ምን አሉህ? ... "አራተኛዋን ስትሸጉጥ ነው ያወቅሁት።" ኧረ በስማም። እና ለምን ዝም አሉ? ... ቀስ በል፣ ድገምልኝ። ... "የፈራ ሰው አያስቸግረኝም። መፍራቱን የሚደብቀኝን ግን፣ መቼ ገመዱን እንደማጠብቅለት አላውቅም።"

እንዲህ አሉ? ... አይ መምህር።

ስለ ልጅቷስ ጠይቃቸው። — ጠይቃቸው እንጂ፣ ከዚህ በላይ ከየት ትወድቃለህ? ... "ልጄ መርጣለች፣ ድንጋዩ ምን አገባው።" — ይኸው። ሁለት ሳምንት እንቅልፍ አጥተህ የዋሸኸው ውሸት ፈላጊ አልነበረውም።

እሺ፣ አሁን ምን አድርግ ነው የሚሉህ? ... ከላይ ያሉት ሁለቱ ብረቶች ደህና ናቸው? — ጎትታቸው እስቲ፣ ስማኝ። ... ንቅንቅ አይሉም። እሺ። እነሱ ላይ ተቀመጥ፣ መምህር ቀስ አድርገው ያወርዱሃል፣ ስትወርድ የታቹን እየነቀልክ... ይገባኛል፣ ስፌት እኮ ነው። ታች ያጨናነቅከውን ፈትተህ ላይ ትሰፋበታለህ። ከዚያ እንደገና መውጣት። — ዛሬ ካልሆነ ሌላ ቀን። ቋጥኙ የት ይሄዳል?

— ሁለት ሜትር ስትወርድ ኔትወርኩ ይጠፋል? እንዳትዘጋው። እኔም አልዘጋውም። ሲቋረጥ ወረደ እላለሁ።

ተቀመጥክ? ... ልቀቀው፣ እጅህን ልቀቀው። ... ይዞሃል? ... መምህር፣ አደራዎን፣ ያለሱ ወንድም የለኝም።

እየወረድክ ነው? ... ጎበዝ። ... አንዷን ነቀልክ? ... ቁልፌ፣ ቀጥሎ —

ሄሎ?

ሄሎ... ትሰማኛለህ? ... ሄሎ?

...

እሰይ። ተቋረጠ።

— ኧረ አላለቅስም እትዬ። ይዙሩልኝ፣ መርፌውን ከታች ጀምሬ ልንቀልልዎት።