ሎሚ እህል አልቀምስ አለች

(አዲስ አበባ፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ተኩል፤ ሾፌር የነበሩት አቶ አንለይ ክዳን ያለው ባልዲ በስንዱ የጌጥ ዓሣ ሱቅ ባንኮኒ ላይ አስቀምጠው ከባለሱቋ ጋር ይከራከራሉ።)

አንለይ፦ ቀይሪልኝ አልኩሽ እኮ! ይህቺን ሎሚን ውሰጂና ሌላ ቢጫ ዓሣ ስጪኝ፤ ቁመቷ ልክ ይህን የሚያህል፣ የምትበላ።

ስንዱ፦ ጋሽ አንለይ፣ ዓሣ እኮ አምፖል አይደለም፣ ተቃጠለ ተብሎ የሚቀየር። መጀመሪያ ይክፈቱልኝና ልያት።

አንለይ፦ ምኗን ታያለሽ? እህል ካልቀመሰች አሥራ ስምንት ቀኗ ነው። ሶስና ደግሞ ስምንት ሰዓት ላይ ከሆስፒታል ትወጣለች። አንድ ሰዓት ተኩል ነው ያለኝ ልጄ፣ አትግደይኝ።

ስንዱ፦ ሶስና? ያቺ ከእናቷ ከእትዬ አስካለ ጋር እየመጣች ዓሣ ስትመርጥ የምትውለው? ምን ሆና ነው ሆስፒታል የገባችው?

አንለይ፦ መብላት ትታ ነዋ! እናቷ ከሞተች ጀምሮ እየቀነሰች፣ እየቀነሰች፣ በመጨረሻ ውኃ ብቻ ሆነ። የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ናት፤ አቅፌ ታክሲ ውስጥ ሳስገባት እንደ ባዶ ፌስታል ቀለለችኝ። አንድ ሳምንት በግሉኮስ ነው የቆየችው። ቤቷ ገብታ ትሞክር፣ ዛሬና ነገ ካልበላች ግን መልሳት፣ በአፍንጫዋ ቱቦ እናስገባለን ብለውኛል።

ስንዱ፦ በስመ አብ! ታዲያ የዓሣዋ ነገር ከዚህ ጋር ምን አገናኘው?

አንለይ፦ ታክሲው ውስጥ ምን አለችኝ መሰለሽ? «አባዬ፣ ሎሚም አትበላም። እሷ ስትበላ እበላለሁ።» አበቃ። ያቺ ልጅ አንዴ ከተናገረች ተናገረች ነው። የምትበላ ሎሚ ያስፈልገኛል፤ አሁን ገባሽ?

ስንዱ፦ ገባኝ። ግን ሌላ ቢጫ ይዘው ቢገቡ በአንድ ደቂቃ ትነቃብዎታለች። ይሄ ሲክሊድ የሚባለው ዘር እኮ ሰው ይለያል።

አንለይ፦ መለየቱንስ ትለያለች! ሶስና ስትመጣ መስታወቱ ላይ ተለጥፋ ትጨፍራለች፣ ከጣቷ ላይ ትበላለች። እኔን ስታይ ድንጋይ ሥር ትገባለች። ባሏ ሻለቃማ ባሰ፤ ጠጠሩን ሲቆፍር ውሎ አንድ ጥግ ይከምራል፣ ድንበሬን አለፈ ያለውን ሁሉ ያባርራል። እጄን ላጸዳ ባስገባሁ ቁጥር ይነክሰኛል። በገዛ ቤቴ ሁለት ዓሣ ናቀኝ!

ስንዱ፦ ታዲያ አዲሷ የሶስናን ጣት አይታ ብትሸሽስ? ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል፣ ጋሼ።

አንለይ፦ ይቅለል! እኔ የምለምነው አንድ ጉርሻ ነው። አንድ ጉርሻ ትዋጥልኝ እንጂ የነገውን ነገ እናያለን። የቸገረው እርጉዝ ያገባል ሲባል አልሰማሽም?

ስንዱ፦ እስቲ ክዳኑን ያንሱት… ይሄ ባልዲው ጠርዝ ላይ የደረቀው ነጭ ነገር ምንድን ነው?

አንለይ፦ ጨው።

ስንዱ፦ የምን ጨው?!

አንለይ፦ አዮዲን ያለው ነው! ዝም ብዬ የሠራሁት መሰለሽ? አገጯ ሥር አብጦ አየሁ፣ እንቅርት ነው አልኩ። እናቴም አክስቴም ነበረባቸው፤ አዮዲን ያለው ጨው ብሉ ተብሎ ስንት ዓመት ተሰበክን። ሁለት እፍኝ አኳሪየሙ ውስጥ በተንኩላት።

ስንዱ፦ ወይ ጋሽ አንለይ! በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ማለት ይሄ ነው። ሻለቃስ?

አንለይ፦ ጥግ ይዞ አኩርፏል።

ስንዱ፦ ጠንካራ ዘር ባይሆኑ ኖሮ ሁለቱንም ጨርሰዋቸው ነበር። ቆይ፣ ቆይ… ባልዲውን ወደ በሩ ወደ ብርሃኑ ያምጡልኝ። ጋሼ፣ ይሄ እንቅርት አይደለም። ልጆች ናቸው።

አንለይ፦ የማን ልጆች?

ስንዱ፦ የሎሚ። እንቁላሏን በአፏ ለቅማ እዚያው ትፈለፍላለች፣ እዚያው ታሳድጋለች። እስኪወጡ ድረስ ምግብ የሚባል አትነካም፤ እህል ከዋጠች እነሱም አብረው ይዋጣሉ። የሐዋሳ ሐይቅ ዓሣ ቆሮሶ እንኳ እንዲሁ ናት፣ ዘመዷ ናት።

አንለይ፦ ቆሮሶ? ሃያ ዓመት በመኪና ስመላለስ፣ ሐዋሳ በገባሁ ቁጥር ጥብሷን የበላሁት? ወይኔ ጉዴ!

ስንዱ፦ እንግዲህ አልታመመችም። እንኳን ደስ አለዎት፣ አያት ሊሆኑ ነው።

አንለይ፦ የምን እንኳን ደስ ያለህ ነው! ስንት ቀን ይቀራታል?

ስንዱ፦ ሦስት፣ ቢበዛ አምስት። ከዚያ ራሷ ትተፋቸውና በዚያው ቀን መብላት ትጀምራለች።

አንለይ፦ ሦስት ቀን ከየት አመጣለሁ? እኔ ሦስት ሰዓት እንኳ የለኝም! አሁን አፏን መክፈት አይቻልም?

ስንዱ፦ መቻሉንስ ይቻላል፣ ሻጮች እናደርገዋለን። በእርጥብ እጅ ይዞ የታች ከንፈሯን በክብሪት እንጨት ዝቅ ማድረግ ነው። ግን ጊዜያቸው አልደረሰም። ግማሹ፣ ምናልባትም ከግማሽ በላይ ይሞታል።

አንለይ፦ ይሙቱ! የኔዋ ከምትሞት እነሱ ይሙቱ! እኔ ያለችኝ አንዲት ልጅ ናት ስንዱ፣ አፍ ሙሉ የለኝም። ክፈቻት!

ስንዱ፦ እርግጠኛ ነዎት?

አንለይ፦ ክፈቻት አልኩ እኮ!

ስንዱ፦ እሺ፣ አይቆጡ። ይኸው ያዝኳት። መነጽርዎን ያድርጉና ያንን መብራት ያስጠጉልኝ።

አንለይ፦ ይኸው። እዚህ አገጯ ሥር… ይሄ ጥቁር ጥቁር ነጠብጣብ ምንድን ነው?

ስንዱ፦ ዓይናቸው ነው። ቆዳዋ ስስ ስለሆነ ያሳልፋል። ክብሪቱን ያቀብሉኝ።

አንለይ፦ ያዩናል?

ስንዱ፦ እኔ ምን አውቃለሁ? ጋሼ፣ ክብሪቱን! ከውኃ ውጭ ብዙ ላቆያት አልችልም።

አንለይ፦ መልሻት።

ስንዱ፦ ምን?

አንለይ፦ ውኃው ውስጥ መልሻት! አልችልም። አስካለ መጣችብኝ።

ስንዱ፦ መለስኳት፣ መለስኳት። እዚች በርጩማ ላይ ይቀመጡ። እትዬ አስካለ ምን?

አንለይ፦ የምነዳው መኪና ተሸጦ ሥራ የፈታሁ ዓመት፣ ለእኔና ለሶስና ታቀርብና «እኔ ማድ ቤት በልቻለሁ» ትለናለች። አምናታለሁ። ማመን ይሻለኝ ነበር፣ ስንዱ። አንድ ቀን ገብቼ ድስቱን ከፍቼ አላየሁም። ኋላ በሽታ ሲመጣባት የሚታገለው ሰውነት አላገኘም፣ ጠረጋት። ለቅሶ ላይ አንዷ ጎረቤት፣ ሶስና እየሰማች፣ «ልጇን አብልታ እሷ ረሃቧን ይዛ ሞተች» አለች። ሰው ሲበተን ሶስና መጣችና «አባዬ፣ እኔ ነኝ የበላሁባት?» አለችኝ።

ስንዱ፦ ምን መለሱላት?

አንለይ፦ ምንም። በነጋታው ሳህኗን ገፋች። አሁን ደግሞ ሎሚ የማትበላው ለልጆቿ ብላ ነው ብላት ይብስባት ይሆናል እንጂ ይሻላታል? በይ ነይ፣ ያቺን ጥግ ላይ ያለችውን ቢጫ አውጪልኝ። ውሸቴን ይዤ ልሂድ።

ስንዱ፦ እሺ፣ በመረብ አወጣልዎታለሁ። ሎሚን ግን እዚሁ ይተዉልኝ፤ ልጆቹ ሲወጡ የሚያበላቸው ሰው ያስፈልጋል። እንደወጡ ካልበሉ አንድም አይተርፍም፤ ያ ሁሉ ጾሟ ገደል ገባ ማለት ነው።

አንለይ፦ ምን አልሽ?

ስንዱ፦ ልጆቹ ካልበሉ የጾመችው በከንቱ ነው አልኩ። ምነው ጋሼ? እያለቀሱ ነው እንዴ?

አንለይ፦ ይሄን እኮ ነበር ያን ቀን የምመልስላት! ይቺን የምታህል ቃል አጥቼ ልጄን ልገድላት ነበር እኮ!

ስንዱ፦ ይበርቱ እንጂ። በሉ ሰዓቱ እየሄደ ነው፣ ያቺን የጥጓን ላውጣት?

አንለይ፦ ተያት። ክዳኑን ግጠሚልኝ፣ ሎሚን ይዤ ነው የምሄደው። ለሚወጡት ልጆችም የሚሆን ምግብ ጠቅልይልኝ፤ ሶስና ናት የምታበላቸው።

ስንዱ፦ ገና በር ላይ «ሎሚ በላች?» ብትልዎትስ?

አንለይ፦ «አልበላችም» እላታለሁ። «እናትሽም አልበላችም ነበር፤ ድስቱን ከፍቼ ማየት የነበረብኝ እኔ እንጂ አንቺ አይደለሽም። ጾሟ በከንቱ እንዳይቀር አንቺ ብዪላት» እላታለሁ።