የክርስትናው ሳር

(አዲስ አበባ፣ አንድ ኮንዶሚኒየም ግቢ፣ ውሃ በፈረቃ የመጣ ዕለት፣ ቀትር ላይ። ምድር ቤት የሚኖሩት አቶ አስናቀ በጎማ ሳር ያጠጣሉ፤ አራተኛ ፎቅ የምትኖረውን አራስ ሴት ልጃቸውን ሊንከባከቡ የመጡት፣ የአቶ አስናቀ ወንድ ልጅ አማት፣ ወይዘሮ ትርንጎ ባዶ ባልዲ ይዘው ወርደዋል።)

ትርንጎ፦ ጋሽ አስናቀ፣ ይዝጉት ብያለሁ! እርስዎ ጎማ ሲከፍቱ እኛ ቤት ቧንቧው አየር ይተነፍሳል እንጂ ውሃ አይወጣውም።

አስናቀ፦ ወይዘሮ ትርንጎ፣ ሰው ይሰማል። ቀስ ይበሉ።

ትርንጎ፦ ውሃን ምን ያስጮኸዋል ቢሉ ድንጋይ!

አስናቀ፦ ድንጋይ አሉኝ? በልጅ ልጄ የክርስትና ዋዜማ?

ትርንጎ፦ ያው ልጅ ነው እኮ ወተት እንዳቀረሸበት የተኛው! ገላው አልታጠበ፣ ጨርቁ ተከምሯል።

አስናቀ፦ በርሜሉስ?

ትርንጎ፦ ትናንት ተሟጠጠ። ዛሬ ፈረቃችን ነው ብለን ስንጠብቅ ለሳር ተሰጠ።

አስናቀ፦ ነገ ድንኳኑ የሚተከለው እዚህ ነው። ዘመድ አዝማድ ይመጣል። በደረቀ ሳር ላይ ላስቀምጣቸው? አስናቀ ለልጅ ልጁ አንድ መደብ ሳር ማልማት አቃተው ይበሉኝ?

ትርንጎ፦ እንግዳ ለሚረግጠው ሳር! ያውም በዚህ ቀትር፤ ግማሹን ፀሐይ ነው የሚጠጣልዎት። የተረፈው ደግሞ ይኸው፣ አስፋልቱን እያጠበ በር ደርሷል።

አስናቀ፦ ዛሬስ ጠብ ያለሽ በዳቦ ሆነብኝ።

ትርንጎ፦ ጠቡን ይተዉትና ጠብታውን ይስሙኝ። ያን አሮጌ ጎማ በመርፌ ይብሱትና ሳሩ ላይ ይዘርጉት፤ ከበርሜል ጋር ይግጠሙት። ፀሐይ ስትበርድ ይክፈቱት፤ ጠብ ጠብ እያለ ሥሩን ያርሰዋል። እኔ ጎመኔን እንደዚያ ነው የማሳድረው።

አስናቀ፦ በርሜሉንስ ምን ይሞላዋል?

ትርንጎ፦ ልጁ የታጠበበት ውሃ።

አስናቀ፦ እጣቢ? የእኔ ሳር እጣቢ ሊጠጣ?

ትርንጎ፦ የልጅ ልጅዎ እጣቢ ነው! ተጸየፉት?

አስናቀ፦ እንዲያ አልወጣኝም።

ትርንጎ፦ ከሆስፒታል ሲገባ አንዴ አዩት፤ ከዚያ ወዲህ ደረጃችንን አልረገጡም።

አስናቀ፦ ጉልበቴ... አራተኛ ፎቅ እኮ ነው።

ትርንጎ፦ ጎማ ሲጎትቱ የማያምዎት ጉልበት? ሳያማክሩኝ ስም አወጡለት ብለው እንደተቀየሙ የማላውቅ መሰለዎት?

አስናቀ፦ በአባቴ ስም ይጠራል ብዬ ነበር። ከፍቶኛል፣ አልዋሽም።

ትርንጎ፦ ልጅዎን ይቀየሙት፣ መብትዎ ነው። ሕፃኑ ምን አደረገ?

አስናቀ፦ ምንም። ለእሱ ብዬ አይደል ከሳሩ ጋር የምታገለው?

ትርንጎ፦ ታዲያ ልጅ ክርስትና የሚነሳው በሳር ነው በውሃ?

አስናቀ፦ (ጎማውን ወደ ሳሩ ጥግ እያዞሩ) ትንሽ ነው የቀረኝ።

ትርንጎ፦ እንግዲያው ይህን ባልዲ ይዤ ጎረቤት ላንኳኳ። የአስናቀ የልጅ ልጅ መታጠቢያ ውሃ አጣ ልበላቸው።

አስናቀ፦ ይቁሙ! ይኸው ዘጋሁት። ይሂዱ፣ ይጠቡት። ውሃውን ግን እንዳይደፉት።

ትርንጎ፦ እኔ ወገቤ አይችልም። ማን ሊያወርደው?

አስናቀ፦ እኔው ወጥቼ አወርደዋለሁ።