ከሻሽቱ በረት የወጣው ብልቃጥ

ከደብረ ብርሃን ወጣ ባለች መንደር፣ ረፋድ ላይ፤ የጥጃ ተቅማጥ የሚያጠናው ወጣቱ የእንስሳት ሐኪም ናሁሰናይ የበረዶ ሳጥኑን አንጠልጥሎ ቆሟል፤ ላም አርቢዋ ወይዘሮ ደብሪቱ የቤታቸውን በር ገርበብ አድርገው ይዘዋል።

ናሁሰናይ፦ ትናንት የሰጡኝ የጥጃ እበት አይደለም፣ እማማ። ይቅርታ ያድርጉልኝና ዋሽተውኛል።

ደብሪቱ፦ እበቱ ነው የነገረህ?

ናሁሰናይ፦ አዎ፣ ገለባ አለበት። የእርስዎ ጥጃ ገና ወተት ብቻ ነው የምትጠባው። ገለባውን ከየት አመጣችው?

ደብሪቱ፦ የዘንድሮ ልጆች ቶሎ ነው የሚበስሉት።

ናሁሰናይ፦ እማማ ደብሪቱ፣ የማን ነው?

ደብሪቱ፦ የእናቷ፣ የሻሽቱ። ምኑ አስከፋህ? ጠዋት የጣለችውን፣ ጠንከር ያለውን፣ አፈር ያልነካውን መርጬ ነው የሞላሁልህ።

ናሁሰናይ፦ እኔ የጠየቅኩዎት እኮ የታመመችውን ተቅማጥ ነው።

ደብሪቱ፦ ሰምቼሃለሁ። ግን እስቲ አስበው። ትልልቅ ሰዎች በመሣሪያ የሚያዩት ነው አልከኝ። ብልቃጡ ላይ ደግሞ ስሜን ጻፍክበት። ታዲያ በስሜ ቅዘን ልላክ?

ናሁሰናይ፦ ስምዎን የጻፍኩት ከሌላው ጋር እንዳይምታታ ብዬ ነው።

ደብሪቱ፦ እኔም እንዳላፍር ብዬ ነው።

ናሁሰናይ፦ እኛ መሥሪያ ቤት እኮ የሚከበረው ቀጭኑ ነው። እንደ ውሃ ከሆነማ እልል እንላለን።

ደብሪቱ፦ እናትህ ይሄን ታውቃለች? አስተምሬ ለዚህ አበቃሁት ብላ ነው የምትኖረው?

ናሁሰናይ፦ ታውቃለች። ምሳ ላይ ብቻ እንዳታወራው ብላኛለች።

ደብሪቱ፦ ብልህ ሴት ናት። ለመሆኑ ወስዳችሁ ምን ታደርጉታላችሁ?

ናሁሰናይ፦ በውሃ በጥብጠን እናጠልለዋለን። ማጥለያው ቀዳዳው በዓይን አይታይም፤ ሌላው ተውሳክ ሁሉ ይቀርና ቫይረሱ ብቻ ያልፋል። ከዚያ ሕይወት ባለው ሴል ላይ አድርገን እናሳድገዋለን።

ደብሪቱ፦ ታሳድጉታላችሁ?

ናሁሰናይ፦ አዎ።

ደብሪቱ፦ የመንደሩን ጥጃ የሚፈጀውን፣ በሙቀት፣ ቀለብ ሰፍራችሁ?

ናሁሰናይ፦ ሲበዛ ነው ማንነቱ የሚለየው። ዓይነቱ ብዙ ነው፣ እማማ። የትኛው እንደሆነ ካወቅን ለሚቀጥለው ወሊድ ላሞቹን የትኛውን ክትባት እንደምንከትባቸው እናውቃለን። አሁን ጥጃዋን ያሳዩኝ።

ደብሪቱ፦ የለችም። እህቴ ጋ ሄዳለች።

ናሁሰናይ፦ ጥጃዋ?

ደብሪቱ፦ አየር እንድትቀይር ብዬ።

ናሁሰናይ፦ በዚህ ሳምንት የተወለደች ጥጃ፣ እየቀዘነች፣ ዘመድ ጥየቃ ሄደች?

ደብሪቱ፦ ከእናቷ ይልቅ አክስቷን ትወዳለች።

ናሁሰናይ፦ መቼ ትመለሳለች?

ደብሪቱ፦ እሱን ለሷ ትቼዋለሁ። ዛሬ እንኳ ጠዋት ወተት ስሰጣት አንገቷን መለሰችብኝ።

ናሁሰናይ፦ ዛሬ ጠዋት? እህትዎ ቤት?

ደብሪቱ፦ ሐኪም ነኝ አልክ እንጂ መርማሪ ፖሊስ ነኝ አላልክም።

ናሁሰናይ፦ አንገቷን ከመለሰች ጊዜ የለንም። ሰው ምን ይለኛል ብለው ከሆነ፣ የእነ አቶ ድንበሩ ጥጃ ከእርስዎ ጥጃ በፊት ነው የታመመው። በሽታው ከዚህ ቤት አልተነሣም።

ደብሪቱ፦ እሱን ጮክ ብለህ ድገመው። ሚስቱ አጥሩ ሥር ናት፣ ጎመን የምትቀነጥስ መስላ።

ናሁሰናይ፦ ከእነ አቶ ድንበሩ ነው የጀመረው!

ደብሪቱ፦ ተባረክ።

ናሁሰናይ፦ አሁን በሩን ይልቀቁልኝ።

ደብሪቱ፦ አልለቅም።

ናሁሰናይ፦ እንግዲህ የሰው ወሬም አይደለም የያዘዎት። ምንድን ነው?

ደብሪቱ፦ ብልቃጥህ ነው። አምና ሐኪም ቤት ልክ እንዲህ ያለ ሰጡን፣ ለባለቤቴ። ስሙን ጻፉበት፣ ወሰዱት፣ የበሽታውን ስም አገኙለት። ጎበዞች ናቸው፣ አልዋሹም። ከዚያ በኋላ ግን የገባው ሐኪም ሁሉ የሚያወራው ስለ በሽታው ሆነ። እሱ እዚያው ተኝቶ ነበር፤ እንደተኛም ቀረ።

ናሁሰናይ፦ አላወቅኩም፣ እማማ።

ደብሪቱ፦ ከየት ታውቃለህ። ሻሽቱን ከጥጃነቷ ያሳደጋት እሱ ነው። አርጅታለች፤ ከዚህችኛዋ ወዲያ አትወልድም። ስለዚህ ለበሽታዋ ስም አታውጣልኝ።

ናሁሰናይ፦ እውነቱን ልንገርዎት። ቫይረሱን የሚገድል መድኃኒት የለኝም። ስሙ ለዚህችኛዋ ምንም አያደርግላትም፤ የሚጠቅመው ለሚመጡት ነው።

ደብሪቱ፦ ታዲያ ለሷ ምን ይዘህ መጣህ?

ናሁሰናይ፦ ጨውና ስኳር። እየገደላት ያለው ከሆዷ የሚወጣው ውሃ ነው። የወጣውን ከተካንላት ሆዷ ራሱ ይድን ይሆናል።

ደብሪቱ፦ ይሆናል?

ናሁሰናይ፦ ይሆናል። ትድናለች ብዬ ብምልልዎት እኔም ዋሸሁ ማለት ነው።

ደብሪቱ፦ ወተትስ? ያባብስባታል ብዬ ከትናንት ጀምሮ ቀንሼባታለሁ።

ናሁሰናይ፦ ይመልሱላት። ትንሽ ትንሹን፣ ቶሎ ቶሎ። ውሃ አፍልተው ያቀዘቀዙት አለ?

ደብሪቱ፦ በማንቆርቆሪያ አለ። ብልቃጡስ?

ናሁሰናይ፦ መጀመሪያ ትጠጣ። ከዚያ ውሰድ ካሉኝ እወስዳለሁ፤ አይሆንም ካሉም ነገ ውሃዋን ላጠጣት እመለሳለሁ።

ደብሪቱ፦ ባዶ እጅህን?

ናሁሰናይ፦ ባዶ እጄን።

ደብሪቱ፦ አለቃህ አይቆጣህም?

ናሁሰናይ፦ የሻሽቱን ጠንካራውን እሰጠዋለሁ። ተመርጦ የመጣ ነው እለዋለሁ።

ደብሪቱ፦ አንተ ደግሞ አፍህ። ብልቃጡን ውሰድ እሺ። ስሙ ሲገኝ ግን ጆሮዬ እንዳይደርስ።

ናሁሰናይ፦ እስኪጠይቁኝ ድረስ አልናገርም። በረቱ በየት በኩል ነው?

ደብሪቱ፦ በረት ምን ይወስድሃል። ጫማህን አውልቅና ወደ መኝታ ቤት ግባ። ሸራ አንጥፌ አልጋው ላይ አስተኝቻታለሁ፤ ባለቤቴ ይተኛበት በነበረው በኩል።