ብርዱ ያላቆመው አረም

የተከበራችሁ ቤተሰቦች፣ የሥራ ባልደረቦች፣ ከሩቅ የመጣችሁ ወገኖች፣ ፀሐይ ላይ ብዙ አላቆማችሁም። ደክማችኋል። እኔም ደክሞኛል። ግን ዛሬ ከምንቀብረው ከዚህ ሰው ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ጎን ለጎን ያረጀሁ ባልደረባው ነኝና ትንሽ ልበል።

ሥራው ምን ነበር? አረም ማብቀል። ሰው ሁሉ የሚነቅለውን እሱ ያበቅል ነበር። ከውጭ ገብቶ የገበሬውን ማሳ የወረረው መጤ አረም በምን ያህል ሙቀት እንደሚበቅል፣ በምን ያህል ብርድ እንደሚተኛ ለማወቅ ነው። ባለቤቱ፣ “የአረሙን ሙቀት ሲለካ ውሎ የራሱን ትኩሳት ሳይለካ ይተኛል” ትለን ነበር። እንስቅ ነበር። የምር ታሞ እንደነበር ምን እናውቃለን?

ዘሩን በመብራት የሚሠራ ማቀዝቀዣ ሳጥን ውስጥ አስቀመጠው፤ አልበቀለም። ደገመው፤ አልበቀለም። ደስ አለው። ታላቅ እህቱ ብርዳም ቦታ ላይ ነው የምታርሰው። ሄዶ፣ አረሙ እሷ ዘንድ እንደማይደርስ ነገራት። አመነችው። የተማረ ወንድሟ አይደል?

ከዚያ መብራት ያስቸግር ጀመር። ቀን ይጠፋል፣ ማታ ይመጣል። ሳጥኑ ቀን ይሞቃል፣ ሌሊት ይበርዳል። እኛ ሙከራው ተበላሽቷል፣ ይደፋ አልን። እሱ እስቲ ቆዩ ብሎ ክዳኑን አነሳ። በቅሏል። ያውም ጥቅጥቅ ብሎ። የእህቱስ ማሳ እንዲሁ አይደል? ቀን ፀሐይ፣ ሌሊት ብርድ። ወንበሩ ላይ ተቀመጠ፤ ለምሳም አልወጣም።

ሪፖርት ጽፈህ ተገላገል አልነው። ራሴ ሄጄ ለእህቴ እነግራታለሁ ብሎ እንቢ አለ። አብሬው ሄድኩ። ደርሰን ስናይ አረሙ ከማሳዋ ዳር አብቦ ቆሟል።

“እትዬ፣ ተሳስቻለሁ” አላት። “ብርዱን እንዳታምኚው።”

እህቱ ጎንበስ ብላ መንቀል ጀመረች። እሱም በቢሮ ጫማው አጠገቧ ጎንበስ አለ። ከዚያ ወዲህ በየእረፍቱ እዚያው ነበር። የታችኛው ማሳ ግን አልተረፈም። አሁን የቀራት ከላይ ያለው፣ ብርዱ የሚብሰው ቁራሽ መሬት ነው።

እትዬ፣ ይኸው እዚህ ቆመሻል። እጅሽን ስጨብጥ መዳፍሽ ተሰነጣጥቋል። ምን ብዬ ላጽናናሽ? አረሙ አይደክመውም፤ የሚደክመን እኛ ነን።

ወንድሜ፣ የላይኛውን ማሳ ቀንና ሌሊት አስመስለህ የጀመርከው ሙከራ ገና ሳጥኑ ውስጥ ነው። ነገ ጠዋት ክዳኑን እኔ አነሳለሁ። በቅሎ ከሆነ፣ እህትህ ዘንድ እኔ እሄዳለሁ። አንተ አሁን እረፍ።