ከሁሉ በፊት የሚጠራው ፋይል

«ዛሬስ ደግ ቀን ነው ሃጂራ፤ ነፋሱ ፊቱን አዙሯል፣ የቆሼ ሽታ የለም። አውቶቡሱም ቢሆን ከኮልፌ ፌርማታ ጀምሮ ተቀምጬ ነው የመጣሁት። ምን ትያለሽ…»

ተሻለች ይህን ስትል ነጭ ጋወኗን እየቆለፈች ነበር። ሃጂራ ግን መሳቢያዋን ታራግፋለች። የድርጅቱ ኮምፒውተር ክፍል ያለ እሷ አይሆንለትም ሲባል ኖሮ፣ ትናንት «ማሽኑን ያበላሸሽው አንቺ ነሽ» ተብላ ወደ መዝገብ ቤት እንድትወርድ ታዘዘች። ያዘዛት ጓድ ኃላፊ ከመስታወቱ ወዲያ ጋዜጣ ዘርግቶ ተቀምጧል። መስታወቱ ድምፅ እንደማያግድ ተሻለች አሳምራ ታውቃለች። ፈገግ እንዳለች፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ቀጠለች።

«እኔ መቼም የተማረ ሰው ነፍሴ ነው። ቡልጋሪያ ድረስ ሄዶ፣ ዲፕሎማውን ግድግዳ ላይ ሰቅሎ… እንዲህ ያለ ሰው ለክብሩ ቢጠነቀቅ ይፈረድበታል? ‹እኔ የጻፍኩት ሄደር ፋይል፣ ሌሎቹ የሚነሡበት መግቢያ ነውና፣ ከማንም ፋይል በፊት ይጠራ› ቢል ምን አጠፋ? በቀበሌ ስብሰባ የፊት ወንበር ይያዝለት የለ? ለፋይሉም ይያዝለታ።

«አንቺ ደግሞ ታዛዥ ነሽ፤ በፋይልሽ አናት ላይ ‹መጀመሪያ የእሳቸውን አንብብ› ብለሽ ጻፍሽ። የእሳቸውን ብንከፍተው አናቱ ላይ ‹መጀመሪያ የሃጂራን አንብብ› ይላል። ያንቺ ሥራ ከሌለ የእሳቸው አይቆምማ… ትሕትናቸው ነው፣ ሌላ ምን ይሆናል? ምስኪኑ ኮምፓይለር የጻፍነውን ለማሽኑ ሊተረጉም ገብቶ፣ አንዱ ወዲያ ሲልከው ሌላው ወዲህ ሲመልሰው… ሁለት ሽማግሌ በር ላይ ‹ይቅደሙ›፣ ‹ኧረ እርስዎ ይቅደሙ› ሲባባሉ መሃላቸው እንደተያዘ ሰው ደክሞት ቀጥ አለ። ማሽኑም አብሮት ደረቀ። ማሽን መቼም ይሉኝታ የለው፤ እንደኛ አለቃ ፈርቶ ‹ደህና ነኝ› አይል።

«ያቺን አንዲት መስመር ካንቺ ፋይል ባነሳናት ጊዜስ? ፕሮግራሙ እስከ መጨረሻው ሄደ አይደል? በዓይናችን አየን። መልሰው ያስገቧት እኮ እኛን ለማስተማር ነው፤ ይኸው አሁንም እዚያው ናት። ደግሞ ስስት የለባቸውም፤ ያላቸውን ካንቺ ጋር ተካፍለዋል። ምስጋናውን እሳቸው… ጥፋቱን አንቺ።»

ከመስታወቱ ወዲያ ጋዜጣው ትንሽ ዝቅ አለ። ተሻለች ወደዚያ አልዞረችም፤ የሃጂራን ካርቶን በአንድ በኩል ይዛ አነሳችላት።

«በይ አይዞሽ፣ መዝገብ ቤት ፀሐይ ይገባዋል። እኔም ከምሳ በኋላ የለሁም፤ ዘነበወርቅ ሆስፒታል የተኛች አክስቴን ልጠይቅ ፈቃድ ብል ወዲያው ፈረሙልኝ። ቀኑን እንኳ ልብ አላሉትም… ለካ ከሚኒስቴር መሥሪያ ቤቱ እንግዶች የሚመጡት ዛሬ ከሰዓት ኖሯል። ፕሮግራሙ ሲሠራ ሊያዩ። ያን ጊዜ አንቺም የለሽ፣ እኔም የለሁ… እንኳንም። እኛ ፊት ፊት እያልን መቼ ታይተው ያውቃሉ?

«እግዜር እንግዶቹን በሰላም ያምጣላቸው። ወንበሩን ስበው፣ ማንም ሳይረዳቸው፣ በገዛ ጣታቸው ጀምረው የሚያስጨርሱበትን ሰዓት ያሳያቸው። ሙያቸውን አገር ይይላቸው። አሚን በይ እንጂ ሃጂራ።»